የቅዳሜ ሌሊት መዝጋቢ

ቅዳሜ ሌሊት ነው። ከተማው ባማኮ፣ ዘመኑ የ1960ዎቹ መጀመሪያ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ከአንድ ግቢ የሸክላ ማጫወቻ ድምፅ ይሰማል። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ሴቶቹ ለዚህች ሌሊት ያሰፉትን ቀሚስ ለብሰው ትዊስት ይጨፍራሉ። አንድ ወጣት ከሳይክሉ ይወርድና ካሜራውን ያዘጋጃል፤ ገና ከመድረሱም ፍላሹን አንዴ ብልጭ ያደርጋል። ግቢው በሙሉ ዞር ይላል። ማሊክ መጥቷል! ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይደምቃል። የሚጨፍረው ይበልጥ ይጨፍራል፣ ዓይን አፋሩም ከተቀመጠበት ይነሣል።

እንግዲህ ዛሬ የምተርክላችሁ የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ሙሉ ስሙ ማሊክ ሲዲቤ ይባላል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ እርጅናው ድረስ የአንድን ከተማ ሰው ሲያነሳ ኖረ። ሠርጉን አነሳ፣ ጭፈራውን አነሳ፣ የወንዝ ዳር ሽርሽሩን አነሳ፤ አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛውን ከነሞተሩ፣ በግ የገዛውን ከነበጉ አነሳ። የሰፈር ፎቶ አንሺ ነበር። ያነሳውን ደግሞ አልጣለም። ታሪኩን እንድነግራችሁ ያስገደደኝ ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ።

ማሊክ የተወለደው በ1935 ወይም በ1936 ነው፤ መንደሩ በደቡብ ማሊ የምትገኘው ሶሎባ ናት። ያኔ ማሊ የሚባል አገር አልነበረም። ፈረንሳዮች ግዛታቸውን «የፈረንሳይ ሱዳን» ይሉት ነበር፤ ከእኛ ጎረቤት ከሱዳን ጋር ስሙ እንጂ ምድሩ አይገናኝም። ቤተሰቡ የፉላኒ ተወላጆች፣ አራሽና ከብት አርቢዎች ነበሩ። ልጁም እንደ እኩዮቹ ከብት ጠበቀ። ከቤተሰቡ የአስኳላን ደጃፍ የረገጠ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አንድ ነገር ታየበት፦ እጁ ይስላል። ከሰል ይዞ የሚስለው ሥዕል አንድ የቅኝ ገዢ ባለሥልጣን ዓይን ውስጥ ገባ። በዚህ ሰበብ በ1952 ወደ ባማኮ፣ ወደ እጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያም ጌጣጌጥ መሥራት ተምሮ በ1955 ጨረሰ።

ወርቅና ብር አንጥረኛ ሆኖ ሊቀር ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ዤራር ጊያ የሚባል አንድ ፈረንሳዊ ፎቶ ቤቱን በሥዕል የሚያስጌጥለት ሰው ፈለገ። ማሊክን አመለከቱት። ማሊክ ግድግዳውን ቀብቶ፣ ሥዕሉን ስሎ ሲጨርስ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ እዚያው ቀረ። ደንበኛ ይቀበላል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ፊልም ሲታጠብ ቆሞ ያያል። ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ ሙያውን የለቀመው በማየት ነው። ዓይኑ ያየውን እጁ አልሳተውም።

ቀስ በቀስ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። የፈረንሳዮቹን ግብዣ ጌታው ያነሳል፤ የአገሬውን ሠርግና ጭፈራ ማሊክ ያነሳል። በ1956 የመጀመሪያውን ካሜራ ገዛ፤ ብራውኒ ፍላሽ የምትባል ትንሽ ካሜራ ናት። ትንሽነቷን ልብ በሉልኝ፤ ወደፊት እንመለስበታለን። የዚያ ዘመን ትልቅ ፎቶ አንሺ የሚሠራው በሦስት እግር ላይ በሚቆም ከባድ ካሜራ ነው። ሰው ወደ ካሜራው ይሄዳል እንጂ ካሜራው ወደ ሰው አይሄድም። ማሊክ ግን ካሜራውን አንግቶ፣ ሳይክሉ ላይ ወጥቶ ሰው ወዳለበት ሄደ።

ስለ ትልቁ ካሜራ ካነሣሁ አይቀር ታላቁን ሰው ሳልጠራ ማለፍ ነውር ነው። ከማሊክ በፊት ባማኮ ውስጥ ሴዱ ኬይታ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሥራን በልጅነቱ የጀመረው በአናጢነት ነው። የመጀመሪያዋን ካሜራ ያመጣለት አጎቱ ነው፤ ሴኔጋል ደርሶ ሲመለስ ለልጁ በስጦታ ይዞለት መጣ። ሴዱ በ1948 ባማኮ ኩራ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ሥራው በቀን ብርሃን፣ በግቢው ውስጥ ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳል፤ ስለዚህ አንዷን ፎቶ ሳይስት ማንሳት ነበረበት። ለመጀመሪያው መጋረጃ የራሱን የአልጋ ልብስ ከነዘርፉ ሰቀለ። በየሁለት ሦስት ዓመቱ መጋረጃውን ይቀይር ነበር፤ ኋላ ዘመን ሲርቅ «ይህ ፎቶ መቼ ተነሣ?» ሲባል መልሱ የተገኘው ከመጋረጃው ነው። ሰውየው አለባበሱን እንዲያሳምር ስቱዲዮው ውስጥ ኮት፣ ክራቫት፣ የእጅ ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ሬዲዮ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ባማኮ የደረሰ መንገደኛም ሆነ የከተማው ነዋሪ ሴዱ ዘንድ ካልተነሳ የተነሳ አይመስለውም ነበር።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ከዚያ በፊት የአፍሪካውያንን ፎቶ በብዛት የሚያነሳው የቅኝ ገዢው ካሜራ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳካር የተቀመጠው ፈረንሳዊ ኤድሞን ፎርቲዬ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖስት ካርዶች አሳትሟል። በካርዱ ላይ የምትታየው ሴት እናት ናት፣ የሰው ልጅ ናት፤ ከሥሯ የተጻፈው ግን የጎሣዋ ወይም የአገሯ ስም ነው። የራሷ ስም የለም። ሴዱና ማሊክ ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሰውየው ራሱ መታየት እንደሚፈልገው አድርገው አነሱት። ከፍሎ ነው የሚነሳው፣ ፎቶውም የሱ ነው፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ማሊክ። ጊያ ሱቁን ሲዘጋ ማሊክ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ፤ ባጋዳጂ በሚባለው ሰፈር «ስቱዲዮ ማሊክ» ተባለ። በመስከረም 22 ቀን 1960 ማሊ ነፃ ወጣች። በዚያ ዓመት 18 ወይም 20 ዓመት የሆነውን ልጅ እስቲ አስቡት። አገሩ አዲስ ናት፣ እሱም አዲስ ነው። ከፓሪስ፣ ከአሜሪካና ከኩባ ሸክላ ይመጣል። ልጆቹ በየሰፈሩ ግሬን የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ እኩዮች ተሰብስበው ሻይ እያፈሉ የሚጫወቱበት ነው። ከነዚህ ማኅበሮች የጭፈራ ክለቦች ተወለዱ። እያንዳንዱ ክለብ በሚወደው ዘፋኝ ወይም ባንድ ስም ይጠራል፣ ከሌላው ሰፈር ክለብ በልብስና በጭፈራ ይፎካከራል። ማሊያዊው ምሁር ማንቲያ ዲያዋራ ያን ዘመን በወጣትነቱ የኖረው ሰው ነው፤ ኋላ ስለ ማሊክ ፎቶዎችና ስለ ጄምስ ብራውን ሰፊ ጽሑፍ ጽፏል።

ክለቦቹ ማሊክን አስቀድመው ይይዙታል። በአንድ ቅዳሜ ሌሊት አራት አምስት ግቢ ይዞራል። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው፣ ሳይክል ላይ፣ በጨለማ። ልጆቹ ከሱ አይደበቁም፤ በዕድሜ ብዙም አይርቃቸውም፣ ቋንቋቸውን ይናገራል፣ ወላጆቻቸውን ያውቃል። ትንሿ ካሜራ ያስፈለገችው እዚህ ላይ ነው። ከሚጨፍረው ሰው ጋር ዝቅ ትላለች፣ ከፍ ትላለች፤ «አትንቀሳቀስ» አትልም።

ሌሊቱ ሲያልቅ የማሊክ ሥራ ገና ይጀምራል። ወደ ስቱዲዮው ይመለስና ጨለማ ክፍል ገብቶ እስኪነጋ ፊልም ያጥባል። የሥራው ሥርዓት ይኸውላችሁ፦ ከያንዳንዱ ፊልም ላይ ትንንሽ ፎቶ ያትማል፣ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ወፍራም ወረቀት ላይ በተርታ ይለጥፋቸዋል፣ የክለቡን ስምና ቀኑን ይጽፍበታል። ሳምንቱ ሲጀመር ወረቀቱ ስቱዲዮው ደጃፍ ይወጣል። ልጆቹ ይመጣሉ። ማን ከማን ጋር እንደጨፈረ፣ የማን ጫማ እንዳማረ፣ የማን ዓይን ወዴት እንዳየ ይመረምራሉ። የወደደ «ቁጥር ይህን ያህል አትምልኝ» ብሎ ያዛል። ገንዘብ የሌለው አይቶ፣ ስቆ ይሄዳል። እናም ያ የወረቀት ተርታ፣ ደንበኛ መሳቢያ ሆኖ የተሠራው ተርታ፣ ሳያስቡት የአንድ ከተማ መዝገብ ሆነ።

ከዚያ መዝገብ አንዱን ፎቶ አውጥቼ ላሳያችሁ።

ጊዜው የ1963 የገና ዋዜማ ነው፤ ፎቶውም «የገና ሌሊት» ይባላል። ባማኮ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ለወጣቶቹ ግን የገና ዋዜማም የጭፈራ ሌሊት ነበረች። በግቢው መሐል ሁለት ልጆች ይጨፍራሉ። እሱ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እሷ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጫማ አላደረገችም። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ደርሷል። ሁለቱም የሚያዩት ወደ መሬት ነው፤ እግራቸውን ይጠብቃሉ፣ እርምጃው እንዳይሳሳት። እሱ ፈገግ ብሏል። የሚያውቁት ሰዎች እንደሚሉት ወንድምና እህት ናቸው። ፎቶውን ደጋግማችሁ ብታዩት ዓይናችሁ የሚያርፈው በባዶ እግሯ ላይ ነው። ጫማዋን ለምን አወለቀች? ለመጨፈር አላመቻት ይሆናል፤ ወይም ለዚያች ሌሊት የሚሆን ጫማ አልነበራትም። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ፊቷ ላይ ሐፍረት የለም። ወንድሟ አጠገቧ ነው፣ ዘፈኑ እየተሰማ ነው፣ አገሯ ነፃ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ታይም መጽሔት በዓለም ላይ ትልቅ ተጽዕኖ አሳድረዋል ያላቸውን 100 ፎቶዎች ሲመርጥ ይህን አንዱ አድርጎታል። ማሊክ ግን ያነሳው ለሁለቱ ወንድምና እህት ነበር።

እሑድ ሲሆን ደግሞ ወጣቱ ወደ ኒጀር ወንዝ ይወርዳል። ሸክላ ማጫወቻቸውን ተሸክመው፣ ምግብና ሻይ ይዘው ይሄዳሉ። ይዋኛሉ፣ አሸዋው ላይ ይጨፍራሉ። ማሊክም አብሮ ይወርዳል። በወንዝ ዳር ካነሳቸው ፎቶዎች አንዳንዶቹ ላይ ልጆቹ ሸክላውን ከነሽፋኑ ደረታቸው ላይ ይዘው ይታያሉ። ሸክላው ያኔ ክብር ነው፤ የዘፋኙ ፊትና ያንተ ፊት በአንድ ፎቶ ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ደስታ ግን ያለ ጠባቂ አልነበረም። የፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ መንግሥት የሶሻሊዝምን መንገድ ይከተል ነበርና የምዕራብ ሙዚቃና አጭር ቀሚስ ደስ አላሰኘውም። ሚሊሻዎች በሌሊት ይዞሩ ነበር። በኅዳር 1968 ደግሞ ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ፤ ሻምበል እንኳን ያልደረሰ መኮንን፣ መቶ አለቃ ሙሳ ትራኦሬ፣ ሥልጣን ያዘ። የቤተ መንግሥቱ ታሪክ በመጽሐፍ አለ። የጭፈራ ግቢው ታሪክ ግን ያለው በማሊክ ሳጥኖች ውስጥ ነው።

ወደ ስቱዲዮው እንግባ። ጠባብ ክፍል ናት። መጋረጃው ባለ መስመር ጨርቅ ነው። ማሊክ ሰዓሊ ስለነበር ሰውን እንደ ሥዕል ያሰናዳዋል፤ ትከሻህን እንዲህ፣ እጅህን እንዲህ፣ አገጭህን ወደ ብርሃኑ። ያጫውተዋል፣ ያስቀዋል፣ ሲዝናና ያነሳዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባ የለም። ቦክሰኛ ጓንቱን አጥልቆ ገብቷል። አንድ ቤተሰብ በሙሉ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ ተነሥቷል፤ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ኮርቻ ላይ። የአረፋ በጉን ይዞ የመጣም አለ። ከፎቶው ጀርባ ዘመድ አለ፤ ፎቶው በፖስታ ወደ ገጠር፣ ወደ ሩቅ አገር ይላካል። «ደህና ነኝ፣ ተመልከቱኝ፣ ከሥቼም ከሆነ ፍረዱ» ማለት ነው። ይህን የእኛ ሰው አይስተውም። ከዓረብ አገርም ሆነ ከአሜሪካ ለእናት ፎቶ የላከ ልጅ ምን ለማለት እንደላከ ያውቀዋል።

ዘመን መቼም አይቆምም። 1970ዎቹ ሲመጡ የግቢው ጭፈራ እየቀዘቀዘ ሄደ። ኋላ ባለ ቀለም ፊልምና የማሽን ማተሚያ ቤቶች መጡ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ቀነሰ። ማሊክ ጉርድ ፎቶ አነሳ፣ የተበላሸ ካሜራ ጠገነ። የስቱዲዮው መደርደሪያ በአሮጌ ካሜራ ተሞላ። ከበስተጀርባው ግን ሳጥኖቹ ነበሩ፤ የፊልም ሳጥን በሳጥን ላይ፣ ዓመትና የክለብ ስም ተጽፎባቸው። ማንም አልጠየቀውም። ዋጋ አላቸው ያለውም አልነበረም። እሱ ግን አላቃጠላቸውም፣ አልጣላቸውም። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ «እዚያን ጊዜ ያነሳኸኝን አትምልኝ» ብሎ ቢመጣ ምን ይመልስለታል?

አሁን ወደ ትረካው መታጠፊያ ደርሰናል። በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ ስለ አፍሪካ ጥበብ አንድ ትልቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከተሰቀሉት መካከል እጅግ የሚያማምሩ የባማኮ ፎቶዎች ነበሩ። ከሥራቸው የተጻፈው ግን «ፎቶ አንሺው ያልታወቀ፣ ባማኮ፣ ማሊ» የሚል ነበር። ያልታወቀ! እዚያው ባማኮ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው! አንድሬ ማኛን የሚባል ፈረንሳዊ የጥበብ ባለሙያ የፎቶዎቹን ባለቤት ሊፈልግ ወደ ባማኮ መጣ። እንደሚነገረው በከተማው ውስጥ «ፎቶ አንሺ» ብሎ ሲጠይቅ ወደ ማሊክ ዘንድ ወሰዱት። ማሊክ ፎቶዎቹን አየ። የኔ ናቸው ማለት ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? አላለም። «ይህ የሴዱ ኬይታ ሥራ ነው» አለና እንግዳውን ወደ ታላቁ ወሰደው። ሴዱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ስቱዲዮውን ዘግቶ፣ ኋላም ጡረታ ወጥቶ ነበር። ፊልሞቹን ግን በብረት ሳጥን ቆልፎ አስቀምጧቸው ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ። በ1994 ፓሪስ ውስጥ በስሙ ዐውደ ርእይ ተከፈተለት። በ2001 አረፈ። ያረፈው ስሙ ተመልሶለት ነው።

ቀጥሎ የማሊክ ሳጥኖች ተከፈቱ።

እስካሁን ወጣት ነበርና «እሱ» እያልኩ ተረክሁላችሁ። ከዚህ ወዲያ ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ አገራችን ወግ «እርሳቸው» ልበል። ማሊክ ሲዲቤ በ1995 ፓሪስ ላይ ሥራቸውን አሳዩ። በ2003 የሃሰልብላድን ሽልማት ተቀበሉ፤ ይህን ታላቅ የፎቶግራፍ ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው። በ2007 የቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራ የሚሰጠውን የወርቅ አንበሳ ሸለማቸው። ያን ሽልማት ከእርሳቸው በፊት ያገኘ አፍሪካዊ አልነበረም፣ ፎቶ አንሺም አልነበረም። ከሽልማቱ በኋላ የት ሄዱ? ባጋዳጂ ተመለሱ። ስቱዲዮው በር ላይ ቁጭ ብለው ጎረቤት ሰላም አሉ፣ እንግዳ ተቀበሉ፣ የመጣውን ሰው አነሱ። ካነሷቸው ኋለኛ ፎቶዎች መካከል ሰዎችን ከጀርባ የሚያሳዩ አሉ። በፊት በኩል ስንት ሺህ ሰው ካዩ በኋላ ሰው በጀርባውም እንደሚታወቅ ያሳዩበት ነው።

ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ባማኮ ውስጥ አረፉ።

ሳጥኖቹስ? ፊልም እንዲሁ ከተተወ የማይቀር ጠላት አለው። ሙቀት ያጣብቀዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል፣ አቧራ ይቧጭረዋል። ባማኮ ሦስቱም አሉባት። ስለዚህ የማሊ ባለሙያዎችና አሜሪካ የሚገኘው የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ሥራ ጀመሩ፤ የማሊክንና የአራት ሌሎች የማሊ ፎቶ አንሺዎችን 100,000 ያህል ኔጋቲቭ ማጽዳት፣ መመዝገብና በዲጂታል መልክ ማስቀመጥ። አንዱ ኔጋቲቭ ከነአቧራው ይወጣል፣ በጥንቃቄ ይጠረጋል፣ በዲጂታል ይነሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ንጹሕ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለተኛው። ማሊክ ደጃፋቸው ላይ በቁጥር ይለጥፏቸው የነበሩትን ትንንሽ ፎቶዎች አስታወሳችሁ? ሥራው ያው ነው። ቁጥር፣ ስም፣ ቀን።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደተረክሁላችሁ ልንገራችሁ።

በዚያው በ1960ዎቹ በእኛም ከተማ በአዲስ አበባ ያው ልብስ፣ ያው ጭፈራ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው ሸክላ ሲያሳትሙ፣ ሰፊ ሱሪ የለበሱና ፀጉራቸውን ያጎፈሩ ወጣቶች በየፎቶ ቤቱ ይሰለፉ ነበር። የቤተ መንግሥቱን ታሪክ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው አንስተውታል፤ ክብር ይገባቸዋል። የሰፈሩን ሰው ያነሱት ግን ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸው የየሰፈሩ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። በቅርብ ዓመታት «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ወጣቶች ተነሥተው ከየቤቱ አልበም የድሮ ፎቶዎችን ሰበሰቡ፣ መጽሐፍም አሳተሙ። መልካም ጅምር ነው። የቀረው ግን ከተሰበሰበው እጅግ ይበልጣል።

ከቤቴ አንድ ፎቶ አለ። እናቴ በወጣትነቷ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተነሥታለች። ከኋላቸው ሐይቅና ተራራ የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አንድ ዓይነት አድርገው ለብሰዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለማስታወሻ» ይላል፤ ከሥሩ የእናቴ ስም አለ። ቀኑ ውሃ ነክቶት ፈሷል። ጓደኛዋን አላውቃትም። እናቴ በሕይወት ሳለች ፎቶውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ «ይህቺ ማን ናት?» ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ካለፈች በኋላ ፎቶ ቤቱን ፈልጌ ሄድኩ። ቤቱ ለሌላ ሥራ ተከራይቷል። የቀድሞውን ፎቶ አንሺ የሚያውቁ ጎረቤት «ኔጋቲቮቹ ቤቱ ሲጸዳ በማዳበሪያ ከረጢት ወጡ» አሉኝ። አንድ ሙሉ ሰፈር በማዳበሪያ ከረጢት ወጣ ማለት ነው። የዚያ ሰፈር ሙሽሮች፣ ክርስትና የተነሱ ሕፃናት፣ ወታደር ቤት የሚሄዱ ወንድሞች፣ ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የተነሡ እኅቶች፤ ሁሉም። ፎቶ አንሺውን አልወቅስም። አስቀምጥልን ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ትረካዬን የምጨርሰው በአደራ ነው። በሰፈራችሁ አሮጌ ፎቶ ቤት ካለ ሂዱና ባለቤቱን አናግሩ። ፊልሞቹን ሊጥል ካሰበ ለምኑት፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሙዚየም የሚያውቅ ሰው ካለ አገናኙት። ፊልሙ ከእጃችሁ ከገባ ጫፉን ብቻ ያዙ፣ ከጣሪያና ከኩሽና አርቁት፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡት። ቤታችሁ ያለውን አልበም ደግሞ አውጡ። ፎቶውን ገልብጡ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ይፈሳል፣ ወደ ፊቱም ይዘልቃል። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ጥግ ላይ ጻፉ፦ ማን ናቸው፣ የት ነው፣ መቼ ነው፣ ማን አነሳው። የመጨረሻውን አትርሱ፤ ፎቶ አንሺውም ሰው ነው፣ ስም አለው።

በእናቴ ፎቶ ጀርባ ላይ ያለው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። የሁለተኛዋን የሚነግረኝ ሰው የለም። እናንተ ግን የምትጠይቁት አያት፣ እናት፣ አክስት ገና አላችሁ ይሆናል። ዛሬ ማታ ፎቶውን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፣ ጠይቋቸውም።